በጂዳ ወደብ የወረደች እንግዳ

በእግሩም ሆነ በመርከብ ወደ ሩቅ ሀገር የሚጓዝ ሰው ሁሉ አንድ ዓይነት መንገደኛ አይደለም። ነጋዴ የሚሄደው ትርፍ ፍለጋ ነው፤ ስደተኛ የሚሄደው ችግር ገፍቶት ነው፤ ተሳላሚ የሚሄደው ስእለቱን ለመፈጸምና በረከት ለማግኘት ነው። በዘመናችን ደግሞ ከእነዚህ ከሦስቱ የተለየ አራተኛ መንገደኛ ተጨምሯል፤ እርሱም አገር ጐብኚ የሚባለው ነው። ይህ መንገደኛ የሚሸጠውም፥ የሚሸሸውም፥ የሚሳለመውም ነገር ስለሌለው የሚያየውን አይቶ ወደ መርከቡ ይመለሳል። ይሁን እንጂ አራቱም በአንድ ወደብ ላይ የሚገናኙበት ጊዜ አለ። እንዲህ ካሉት ወደቦች አንዱ በቀይ ባሕር ምሥራቃዊ ዳርቻ የሚገኘው የጂዳ ወደብ ነው።

ጂዳ ከሁሉ አስቀድሞ የተሳላሚዎች በር ናት። በአውሮፓውያን አቈጣጠር (ከዚህ ቀጥሎ የሚነገረው ዘመን ሁሉ እንደዚሁ ነው) በ647 ከሊፋው ዑስማን ኢብን ዐፋን ለመካ ወደብ እንድትሆን ከመረጣት ጀምሮ፥ በባሕር የሚመጣው የሙስሊም ተሳላሚ ከህንድና ከጃዋ፥ ከግብፅና ከሱዳን፥ ከምዕራብ አፍሪካም ሳይቀር በዚህች ወደብ እየወረደ፥ 75 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ምሥራቅ ተጕዞ መካ ይገባ ነበር። ሙስሊም ያልሆነ ሰው ግን እስከ ዛሬ ድረስ ወደ መካ መግባት ስላልተፈቀደለት፥ ለእርሱ ጂዳ የመንገዱ መጨረሻ ናት። የከተማይቱ አሮጌ ክፍል በዐረብኛ አል-ባላድ ይባላል፤ ትርጓሜውም «ከተማው» ማለት ነው። በ16ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የፖርቱጋልን መርከቦች ለመከላከል በግንብ ቅጥር ታጠረ፤ ወደ ምሥራቅ የሚያወጣውም በር የመካ በር ተባለ። ቅጥሩ በ1947 ፈርሷል፤ የበሮቹ ስም ግን እስከ ዛሬ ይጠራል።

ስለ ከተማይቱም ስም ሁለት ዓይነት ትርጓሜ ይነገራል። አንዳንዶች ጁዳ ማለት የባሕር ዳርቻ ነው ይላሉ፤ ሌሎች ግን ጃዳ ማለት ሴት አያት ነው፥ ይኸውም እናታችን ሔዋን በዚያ ተቀብራለች ከሚለው ከቈየው የሕዝቡ ነገር የመጣ ነው ይላሉ። በእርግጥም ከአሮጌው ከተማ በስተሰሜን የሔዋን መቃብር የሚባል የመቃብር ስፍራ አለ። በላዩ የነበረው ሕንጻ በ1928 ፈረሰ፤ መቃብሩም በ1975 በሲሚንቶ ተደፈነ። የሰው ልጅ ሁሉ እናት ከቤቷ ወጥታ በባዕድ አገር አረፈች የሚለው አሳብ የስደተኞች መተላለፊያ ለሆነች ወደብ የሚስማማ ነው።

የአል-ባላድ ቤቶች አሠራር ለተመልካች የሚደነቅ ነው። ግድግዳቸው ከባሕሩ ዳርቻ ተቈርጦ በወጣ፥ ኮራል በሚባል ባለ ቀዳዳ ድንጋይ የተካበ ነው፤ ድንጋዩም ጠንካራ ስላልሆነ በየመካከሉ እንጨት በአግድም እየገባ ያያይዘዋል። በቤቱ ፊት ለፊት ወደ ጐዳናው ወጣ ብሎ የተሠራ፥ በፍርግርግ የተሸፈነ ትልቅ የእንጨት መስኮት አለ፤ ሮሻን ይሉታል። ሮሻን ሁለት ጥቅም አለው፤ አንደኛው የባሕሩን ነፋስ እየሳበ ቤቱን ማቀዝቀዝ ሲሆን፥ ሁለተኛው በውስጥ ያለችው ሴት ከውጭ ሳትታይ ጐዳናውን እንድታይ ማድረግ ነው። በ2014 ይህ አሮጌ ከተማ «የመካ በር» በሚል መጠሪያ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዘገበ።

ይህን ጽሑፍ በተሳላሚዎች ማረፊያ ቤት ውስጥ ሆኖ ለሚያነብ ሰው ግን ከድንጋዩና ከእንጨቱ ይልቅ ደስ የሚያሰኘው ሌላ ነገር ነው። አል-ባላድ ከተማ ከመሆኑም በላይ አንድ ትልቅ የእንግዳ ማረፊያ ነበር። በሐጅ ወራት ባለ ፎቅ ቤት ያላቸው ሰዎች ክፍሉን ለተሳላሚ ይለቁ ነበር፤ ከመርከብ የሚወርደውን ሰው ቋንቋውን የሚያውቅ ተቀባይ አግኝቶት ወደ ማደሪያው ይመራው ነበር፤ ለድኾችና ለባልቴቶች ደግሞ በጎ አድራጊዎች የሰጧቸው፥ ሪባጥ የሚባሉ ማረፊያዎች ነበሩ። ከተማይቱ ደኅና የውሃ ምንጭ ስላልነበራት የዝናብ ውሃ በጕድጓድ እየተጠራቀመ፥ ከሩቅም በእንስሳና በሰው ጫንቃ እየመጣ ይጠጣ ነበር፤ ከዋዲ ፋጢማ በቧንቧ ውሃ የገባላት በ1947 ነው። እንግዲህ ከዚያ በፊት ወደ አራተኛ ፎቅ ለወጣ ተሳላሚ የቀረበለት አንድ ጽዋ ውሃ ሁሉ በአንድ ሰው ትከሻ ደረጃውን የወጣ ነበር ማለት ነው።

የኢትዮጵያም ሰው ለዚህ ባሕር ዳርቻ እንግዳ አይደለም። በ615 ከመካ የተሰደዱ የመጀመሪያዎቹ ሙስሊሞች ከጂዳ በስተደቡብ ካለችው ከሹዐይባ ወደብ ተሳፍረው ወደ አክሱም በመጡ ጊዜ፥ የአክሱሙ ንጉሥ በእንግድነት እንደ ተቀበላቸውና ለአሳዳጆቻቸው አሳልፎ እንዳልሰጣቸው የሙስሊሞች ታሪክ ራሱ ይመሰክራል። ከዚያ ወዲህ ባሕሩን ወደዚያ የተሻገረው የሀገራችን ሰው ግን ሁሉም እንዲህ ያለ አቀባበል አላገኘም። ብዙው በባርነት ተሽጦ ተሻገረ፤ በሳዑዲ ዐረቢያ ባርነት በሕግ የተሻረው በ1962 ነው። በቅርቡም ዘመን እጅግ ብዙ ሴቶች በቤት ሠራተኝነት ሄደዋል። በ2013 መጨረሻና በ2014 መጀመሪያ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160,000 የሚበልጡ ኢትዮጵያውያን ከሳዑዲ ዐረቢያ ወደ ሀገራቸው መመለሳቸው የሄደው ሕዝብ ምን ያህል ብዙ እንደ ነበረ ያስረዳል።

ከእነዚህ ሴቶች አንዷ የ5 ዓመት ሴት ልጇን ለእናቷ ትታ በ2004 ወደ ጂዳ ሄደች፤ በ2011 ውሏን ጨርሳ ተመለሰች። ሰባት ዓመት ሙሉ የኖረችው በከተማይቱ ሰሜናዊ ክፍል በአንድ ትልቅ ቤት ውስጥ ነበር። ፓስፖርቷን በደረሰችበት ቀን አስረክባ ዳግመኛ ያየችው በተመለሰችበት ቀን ነው። የቤቱ ሰዎች ክፉዎች አልነበሩም፤ ደመወዟን ከፍለዋታል፥ ስትታመምም አሳክመዋታል። ነገር ግን ስሟ ለአፋቸው አልመች ስላላቸው በሦስተኛው ቀን ሌላ ስም አወጡላት፤ ሰባቱንም ዓመት በዚያ ስም ስትጠራ ኖረች። በላከችው ገንዘብ ልጅቱ ተማረች፤ አድጋም በአውሮፓ በነርስነት ተቀጠረች፤ ከጥቂት ጊዜም በኋላ እናቷን ወስዳ አብራት ታኖራት ጀመር።

ሳዑዲ ዐረቢያ በ2019 ለአገር ጐብኚዎች በሯን ከከፈተች በኋላ፥ ከ2021 ጀምሮ ትላልቅ የመዝናኛ መርከቦች በጂዳ ወደብ መቆም ጀመሩ። መርከቡ ለጥቂት ሰዓታት ሲቆም ተሳፋሪው በአውቶቡስ ወደ አል-ባላድ እየተወሰደ ከአስጐብኚ ጋር ይዞራል፤ ከዚያም በቀጠሮው ሰዓት ይመለሳል። በ2022 መጨረሻ ልጅቱ ለእናቷ ዕረፍት እንዲሆናት ብላ የቀይ ባሕር ጕዞ ትኬት ቈረጠች። በጕዞው ሰሌዳ ላይ የጂዳ ስም መኖሩን አይታለች፤ በልቧም «ያሳደገችኝን ከተማ አያታለሁ» ብላ ነበር። እናቲቱ ግን ይህን ያወቀችው መርከቡ ላይ ከወጣች በኋላ ነው።

ጧት መርከቡ ወደብ ሲደርስ እናቲቱ አልወርድም አለች። «እዚህ ሆኜ እጠብቅሻለሁ፤ አንቺ ሂጂና እይው» አለቻት። ልጅቱም «እማዬ፥ ሰባት ዓመት ኖረሽበት ምን ይመስላል ብዬ ስጠይቅሽ ሙቀት ነው ከማለት በቀር አንድ ቀን ነግረሽኝ አታውቂም። ዛሬ እንኳ አብረን እንየው» ብላ ለመነቻት። እናቲቱ ዝም ብላ ከቈየች በኋላ «ፓስፖርቴን ማን ይይዘዋል?» ብላ ጠየቀች። «አንቺው ራስሽ ነሻ!» አለቻት ልጇ። እናቲቱ ይህን ሰምታ ተነሣች፤ ፓስፖርቷንም በነጠላዋ ጫፍ ጠቅልላ በእጇ እንደ ያዘች ወረደች።

አስጐብኚው ሥራውን የሚያውቅ ትሑት ሰው ነበር። አስቀድሞ የወሰዳቸው ወደ ናሲፍ ቤት ነው። ይህ ቤት ከ1872 እስከ 1881 ዑመር ናሲፍ በሚባል ታላቅ ነጋዴ የተሠራ ነው፤ በ1925 ንጉሥ ዐብዱልዐዚዝ ጂዳ በገባ ጊዜ ያረፈው በዚህ ነው። በደጃፉ የቆመው የኒም ዛፍ ለብዙ ዘመን በከተማው ውስጥ ብቸኛው ዛፍ እንደ ነበረ ስለሚነገር፥ ቤቱን «ዛፍ ያለበት ቤት» ይሉት ነበር። ደረጃው ሰፊና ዝግ ያለ ነው፤ ይኸውም ዕቃ የተጫነ ግመል እስከ ላይኛው ፎቅ ወጥ ቤት ድረስ እንዲወጣ ታስቦ ነው ተብሎ ይተረካል። ጐብኚዎቹ ይህን ሲሰሙ ሳቁ፤ ፎቶግራፍም አነሡ። እናቲቱ ግን ጐንበስ ብላ ደረጃውን በመዳፏ ዳሰሰችና፥ «ይህን ለማጠብ ከላይ ነው የሚጀመረው፤ ከታች የጀመረች ውሃው ይመለስባታል» አለች። ለልጇ ስለዚያ ሰባት ዓመት የተናገረችው የመጀመሪያ ነገር ይህ ነበር።

ወደ ውጭ ወጥተው በጠባቡ መንገድ ሲሄዱ አስጐብኚው ወደ ሮሻኖቹ ቀና እንዲሉ ነገራቸው። አንዳንዶቹ ታድሰው በቀለም አጊጠዋል፤ አንዳንዶቹ ደግሞ ፍርግርጋቸው ተሰባብሮ ዘመዋል። ከ20ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ በኋላ ባለጸጎቹ ወደ አዲሱ ሰፈር እየወጡ ሲሄዱ ቤቶቹ በየክፍሉ ለባዕድ ሠራተኞች ስለ ተከራዩ፥ ጠጋኝ አጥተው ብዙዎቹ ፈርሰዋል፤ እሳትም በልቷቸዋል። ልጅቱ «እንዴት ያምራል!» አለች። እናቲቱም ቀና ብላ ብዙ ጊዜ ተመለከተችና «ያምራል። እኔ ግን መስኮት የማውቀው ከወዲያ በኩል ነው» አለች። ቀጥላም፥ በነበረችበት ቤት የልብስ መተኰሻው ክፍል ትንሽ መስኮት እንደ ነበረው፥ በዚያም ማዶ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሁልጊዜ ጧት እየቆመ ሕፃናት ሲጭን ታይ እንደ ነበር፥ ከእነርሱም አንዲቱን ልጅ መርጣ በልጇ ዕድሜ እያሰላች ስታድግ ትመለከት እንደ ነበር ነገረቻት። ልጅቱ ቃል አልመለሰችም፤ የእናቷን ክንድ ብቻ ያዘች።

ጥቂት አልፈው ከአንዲት ጠባብ መንገድ አፍ ሲደርሱ፥ በመሬት ላይ ጨርቅ ዘርግታ መፋቂያና የራስ መሸፈኛ የምትሸጥ አንዲት ሴት ተቀምጣ ነበር። አጠገቧ የሻይ ፔርሙዝ አለ። ሴቲቱ የእናቲቱን መልክ አየችና በአማርኛ «ሐበሻ ነሽ?» ብላ ጠየቀች።

«አዎን፥ ሐበሻ ነኝ።»

«ከየትኛው ቤት ነሽ? ማዳምሽ ፈቅዳልሽ ነው የወጣሽው?»

እናቲቱ ለመመለስ ጥቂት ዘገየች። «አሁንስ ከማንም ቤት አይደለሁም፥ እህቴ። በመርከብ ነው የመጣሁት፤ ከተማውን ላይ።»

ሴቲቱ የምትቀልድ መስሏት ሳቀች። ዘወር ብላ ልጅቱን፥ የአንገቷን ካርድ፥ የሚጠብቋቸውንም ነጮች ባየች ጊዜ ግን «ወይ ጉድ! ይህንንም ለማየት ሰው ይመጣል?» አለች። ከዚያም ጨርቋን ሰብሰብ አድርጋ ስፍራ ለቀቀችና «ቁጭ በይ» አለቻት። እርሷ የወሎ ልጅ ናት፤ እናቷን ካየች 14 ዓመት ሆኗታል። ይህንም የተናገረችው የዕቃ ዋጋ እንደሚነገር በተራ ድምፅ ነው። ሻይ እየቀዳችም «ስምሽስ ማን ነው?» ብላ ጠየቀች።

እናቲቱ ልትመልስ አፏን በከፈተች ጊዜ ወደ ምላሷ የመጣው በዚያ ቤት የወጣላት ስም ነበር። ያን ዋጥ አደረገችና እናቷ ያወጣችላትን ስም ተናገረች። በጂዳ ምድር ያን ስም ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ስትናገር ይህ የመጀመሪያዋ ነው። ሴቲቱም ነገሩን ሳታውቅ ስሙን ደግማ ጠራችውና «ሸጋ ስም ነው» ብላ ብርጭቆውን አቀበለቻት። እናቲቱ ብርጭቆውን እንደ ያዘች ዕንባዋ ወረደ። ልጅቱ ደንግጣ «እማዬ፥ ምን ሆንሽ?» ስትል፥ «እዚህ ሌላ ስም ነበረኝ» አለቻት፤ ያንንም ስም ነገረቻት። በስልክ «እማዬ» ከማለት በቀር እናቷ በማን ስም እንደምትጠራ ልጅቱ ከቶ አስባው አታውቅም ነበር።

አስጐብኚው ወደ መካ በርና ወደ ገበያው ለመሄድ ጊዜው እንደ ደረሰ አስታወቀ። እናቲቱ «እኔ እዚህ እቀመጣለሁ» አለች፤ ልጅቱም ከእናቷ ጋር ቀረች። ሦስቱም ስለ ደሴ ብርድ፥ ስለ ጤፍ ዋጋ፥ ስለ ልጅ ማሳደግ ሲነጋገሩ አንድ ሰዓት ያህል አለፈ። ሊነሡ ሲሉ እናቲቱ የሻዩን ዋጋ ብትሰጥ ሴቲቱ «የእንግዳ ሻይ ይሸጣል እንዴ!» ብላ መለሰችላት። እናቲቱ መፋቂያ ገዛች፤ የሴቲቱንም ስም ጠይቃ በቃሏ ያዘች። «ዱዓ አድርጊልኝ» አለች አንዲቱ፤ «አንቺም ጸልዪልኝ» አለች ሁለተኛዪቱ። ከዚህ በኋላ ወደ አውቶቡሱ ተመለሱ፤ መርከቡም በሰዓቱ ተነሣ።

ከዚያ ጕዞ የመጡት ጐብኚዎች ሁሉ በአል-ባላድ ያዩትን ሊናገሩ ይችላሉ፤ የነጋዴውን ስም፥ የንጉሡን ስም፥ የዛፉን ነገር ያውቃሉ። ውሃውን ወደ አራተኛ ፎቅ ያወጣውን፥ ደረጃውን ያጠበችውን ግን በስም የሚያውቅ የለም። ይህ በአስጐብኚው ላይ የሚፈረድ ነገር አይደለም፤ እርሱ የተጻፈውን ይናገራል። የእኛም ታሪክ እንዲሁ ነው። የአክሱም ሐውልት የማን ነው ቢባል የንጉሥ ስም ይጠራል እንጂ ድንጋዩን የጐተተው ሰው አይጠራም። በየገዳሙም ተሳላሚው የአበምኔቱን ስም ይዞ ይመለሳል፤ ሌሊት ተነሥታ እህል የፈጨችለትን፥ ከወንዝ ውሃ የቀዳለትን ግን ስሙን ሳይጠይቅ ይሄዳል።

የሰው ስም ቀላል ነገር አይደለም። በአፍ ስላልተመቸ ብቻ የሰውን ስም የሚለውጥ ባለቤት ክፉ ላይሆን ይችላል፤ የራበውን ያበላል፥ የታመመውን ያሳክማል፥ ደመወዝም ይከፍላል። ይሁን እንጂ ያችን ሴት ሰባት ዓመት የከበዳት ደረጃው አልነበረም። ያቀለለላትም ከታላላቆቹ ቤቶች የወጣ ሰው ሳይሆን፥ በመንገድ አፍ ተቀምጣ መፋቂያ የምትሸጥ፥ በሃይማኖት የተለየች፥ የራሷንም እናት ለማየት ያልታደለች ሴት ናት። ከጥንቱ ከአክሱም መስተንግዶ አንድ ትንሽ ቁራጭ በዚያች ጠባብ መንገድ አፍ በሻይ ብርጭቆ ቀረበ ማለት ይቻላል።

እንግዲህ ተሳላሚ ሆይ፥ አንተም በዚህ ማረፊያ የጥቂት ቀን እንግዳ ነህ። ነገ ስንቅህን ቋጥረህ ትሄዳለህ፤ ስላየሃቸውም ቅዱሳት መካናት ለዘመዶችህ ትተርካለህ። ከመሄድህ በፊት ግን ምንጣፍህን ያነጠፈውን፥ እግርህን ልትታጠብ ውሃ ያሞቀችልህን ፈልገህ «ስምህ ማን ነው? ስምሽስ?» ብለህ ጠይቅ። የነገሩህንም ስም ሳታበላሽ ደግመህ ጥራው። በዚህ ቤት ለምታገለግሉ አባቶችና ወንድሞችም ነገሩ ያው ነው፤ በበሩ የሚገባውን መንገደኛ ከየት መጣህ ከማለታችሁ በፊት ስሙን ጠይቁት፤ በመጣበት ሀገር ስሙን የሚጠራው ሰው አጥቶ የመጣ ሊሆን ይችላልና።